በሐረር ጁገል የአንድ ማድ ቤት ምድጃ፦ ያማረው ድንጋይ ለምን ፈረሰ፣ በምንስ ተተካ

ቤት የሚያድስ ሰው ለምድጃ የሚሆን ድንጋይ ሲመርጥ ብዙውን ጊዜ የሚያየው ቀለሙንና ክብደት መሸከሙን ነው። እሳት ግን ድንጋይን የሚፈትነው በሌላ መንገድ ነው። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ጥሩ ግንበኛ፣ ጥሩ ድንጋይና በቂ ሲሚንቶ ነበር፤ ምድጃው ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ፈረሰ። ሁለተኛው ምድጃ በርካሽ ዕቃ ተሠርቶ እየሠራ ነው። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ በዝርዝር መመዝገቡ ለሌሎች ግቢዎችም ይጠቅማል።

ዳራው

ቤቱ በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ በጁገል ውስጥ፣ ከጥንታዊዎቹ አምስት በሮች ወደ አንዱ በሚወስድ ጠባብ መንገድ ላይ ያለ ግቢ ነው። ሦስት ትውልድ፣ በጠቅላላው 7 ሰው ይኖርበታል። ዋናው ቤት የቆየ ጌ ጋር፣ ማለትም የሐረሪ ባህላዊ ቤት ነው፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ በቀይ አፈር የተቀባ ነደባ (ሰው የሚቀመጥበት ከፍ ያለ መደብ)፣ ጥቂትና ትንንሽ መስኮቶች አሉት። ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ጎን ተለጥፎ ለብቻው በር የወጣለት ክፍል ሲሆን ወርዱ 2.4፣ ርዝመቱ 3 ሜትር ነው። ግድግዳው በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ፣ ጣሪያው በባሕር ዛፍ ማገር ላይ የተመታ ቆርቆሮ ነው። ከዋናው ቤት ጋር የሚጋራው ግድግዳ በኋላ ብዙ ውሳኔዎችን ወስኗል።

እንጀራ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጋገራል። ከቤት ፍጆታ የሚተርፈው ለሰፈር ሱቅ ስለሚሸጥ በጋገራ ቀን እሳቱ ሦስትና አራት ሰዓት ሳያቋርጥ ይነዳል። ማገዶው ከገበያ የሚገዛ የባሕር ዛፍ ፍልጥ፣ ከጫት የሚተርፍ እንጨት፣ በመከር ወራት ደግሞ የማሽላ አገዳ ነው። ወጥ በፈርኔሎ፣ በከሰል ይሠራል። ምጣዱ እስከዚያ ድረስ መሬት ላይ በሦስት ጉልቻ ይቀመጥ ነበር፤ ግድግዳውና ማገሩም በጥላሸት ጠቁሯል።

ቤተሰቡ የፈለገው

የቤቱ እናት የፈለጉት ሦስት ነገር ነው። ጭሱ ከክፍሉ እንዲወጣ፣ ጎንበስ ብለው መጋገር እንዲቀርላቸው፣ ማገዶ እንዲቀንስ። ልጆቹ ደግሞ ውበት ጨመሩ። ከስልክ ላይ ያዩት ሳሎን ውስጥ የሚነድ የግድግዳ ምድጃ ስለነበር፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ብርድ ቤት እንዲያሞቅ ተመሳሳዩ በዋናው ቤት እንዲሠራ ጠየቁ።

ይህ ጥያቄ መጀመሪያ ላይ ተዘጋ፤ መዘጋቱም ትክክል ነበር። ፊቱ ክፍት የሆነ የግድግዳ ምድጃ የእንጨቱን ሙቀት አብዛኛውን በጭስ መውጫው ወደ ሰማይ ይልካል። የሚነደውም የሞቀውን የክፍሉን አየር እየሳበ ስለሆነ በምትኩ ቀዝቃዛ አየር በበሩ ሥር ይገባል። ጌ ጋር ወፍራም ግድግዳና ትንንሽ መስኮት ያለው ቤት ስለሆነ የጭስ መውጫ በጥንታዊ ግድግዳ ውስጥ መክፈትንም ይጠይቃል። ሐረር ጁገል በ2006 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች፤ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረትም በቅርስ ላይ የጥገናና የለውጥ ሥራ ያለ ፈቃድ አይሠራም። አማራጭ ተብሎ የቀረበው የከሰል ፈርኔሎን ማታ ሳሎን ማስገባት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ተኝቶ የሚተነፍሰው ሰው አደጋው ሳይታወቀው ሊሞት ይችላል። ለብርዱ የበሩን ሥርና የመስኮቱን ክፍተት መድፈን፣ ነደባውንም በወፍራም ምንጣፍ መሸፈን ተመረጠ። የቀረው ሥራ የማድ ቤቱ ምድጃ ብቻ ሆነ።

የመጀመሪያው ምድጃ

የተጠራው ግንበኛ በአጥርና በቤት ግንባታ የታወቀ ነው። በአካባቢው ሐሺ ከሚባለው የኖራ ድንጋይ ጠርቦ፣ በአንድ ሲሚንቶና ሦስት አሸዋ አያይዞ ከፍታው 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ መደብ ገነባ። እሳቱ የሚነድበት ውስጠኛው ክፍል ሌላ ሽፋን አልነበረውም፤ እሳቱ በቀጥታ ድንጋዩንና ሲሚንቶውን ይነካል። በምድጃው አፍ ላይ ሁለት ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ የታሰረበት ኮንክሪት ተጋደመ። የመደቡ ፊት በምጣዱ ዙሪያ ሁሉ ነጭ ሴራሚክ ለበሰ። ጭሱ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው የላሜራ ቱቦ ከምድጃው ጀርባ በአግድም ተነሥቶ በጎሚቶ ወደ ላይ ታጠፈ። ሥራው ካለቀ ከሁለት ቀን በኋላ ሙሉ እሳት ተነደደ።

በመጀመሪያው ጋገራ ከሲሚንቶው የሚፈነዳ ድምፅ ተሰማ፤ ትንንሽ ቅርፊትም ወደ ረመጡ ወደቀ። በሁለተኛው ሳምንት ከአፉ በላይ ያለው ኮንክሪት ከጥግ ወደ ጥግ ተሰነጠቀ። ቀጥሎ ሴራሚኩ ከምጣዱ ዙሪያ ተነሥቶ ይወላልቅ ጀመር። የድንጋዩ የውስጥ ፊት ነጭ ዱቄት ሆነ፤ ውሃ በፈሰሰበት ቦታ እየሞቀ፣ እያበጠ ተፈረፈረ። ጭሱ ደግሞ ጠዋት ጠዋት በቱቦው ሳይሆን በአፉ ይመለስ ነበር። ጋጋሪዋም ቁመቱን አልወደዱትም። ሊጡን ከዳር እስከ መሃል ለማዞር ክንዳቸውን ወደ ላይ መያዝ ስለነበረባቸው ትከሻቸውን ያማቸው ጀመር፤ አክንባሎ ሲነሣም እንፋሎቱ ፊታቸውን ይመታል።

ስብራቱን ማንበብ

ከመፍረሱ በፊት ምድጃው በደንብ ታየ። ሁሉም ጉዳት ከአንድ ምክንያት አልመጣም፤ አምስት የተለያዩ ነገሮች ነበሩ።

የድንጋዩ ጉዳት ኬሚካዊ ነው። የኖራ ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ሙቀቱ ከ800 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲዘልቅ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ለቆ ያልበረደ ኖራ፣ ማለትም ገና ውሃ ያልነካው ኖራ ይሆናል፤ ሙሉ በሙሉ ከተቃጠለም 44 በመቶ ክብደቱን ያጣል። የእንጨት ነበልባል በተዘጋ ምድጃ ውስጥ እዚህ ሙቀት ላይ መድረሱ የተለመደ ነው። ይህ ቃጠሎ በኖራ ማቃጠያ የሚፈለግ ሥራ ነው፤ የድሬዳዋ የሲሚንቶ ፋብሪካዎችም የኖራ ድንጋይን በእሳት የሚቀይሩት በዚሁ ጠባዩ ነው። በማድ ቤት ግን የተቃጠለው ፊት ከፈላ ድስት የሚፈሰውን ውሃ ሲያገኝ ውሃውን መጥጦ ያብጣል፤ ዱቄቱም የመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ ሐሺ ለግድግዳና ለመደብ የሚስማማ፣ ለእሳት ፊት ግን የማይሆን ድንጋይ ነው።

ሲሚንቶው የፈነዳው በውስጡ በታሰረ ውሃ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ የሲሚንቶ ግንብ አይደርቅም። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ ከ1,600 ጊዜ በላይ ይሰፋል፤ መውጫ ካጣ ቅርፊቱን እየገፈተረ ይጥላል። ቢደርቅም ኖሮ ችግሩ አይቀርም ነበር። የተራ ሲሚንቶ ኅብረት ከ300 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ጥንካሬውን እያጣ ይሄዳል፤ በ400ና በ500 መካከል ደግሞ ከዋና ክፍሎቹ አንዱ የሆነው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይፈርሳል።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል፦ «ምርጥ» የሚባለው ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ ከሲሚንቶ ተሠርቶ እንዴት ይቆያል? መልሱ በተቀላቀለበትና በቅርጹ ላይ ነው። ምርጥ ምድጃ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር ይሠራል፤ ጠጠሩ ቀዳዳማ ስለሆነ እንፋሎት መውጫ ያገኛል። ደግሞም አንድ ወጥ ግንብ አይደለም፤ 6 ተገጣጣሚ ክፍሎች ስላሉት እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ይለጠጣል፣ ለብቻው ይሰበሰባል። የግቢው ምድጃ ግን ከባድ አሸዋና አንድ ወጥ ግንብ ነበር።

በአፉ ላይ የተጋደመውን ኮንክሪት የሰነጠቀው ፌሮው ነው። አንድ ሜትር ብረት ሙቀቱ በ400 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 5 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። በዙሪያው ያለው ኮንክሪት ግን በዚያ ልክና በዚያ ፍጥነት አይረዝምም፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል። የሴራሚኩም ምክንያት ከዚህ አይርቅም። ፊቱ በመስታወት የተለበደ ሸክላ በምጣዱ ጠርዝ ይሞቃል፣ ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ እርጥብ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ልክ ስለማይለጠጡ ይላቀቃሉ።

የጭሱ ጉዳይ የስፋትና የቦታ ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ቱቦ 79 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ክፍተት አለው፤ የምድጃው አፍ ግን ወደ 280 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነበር። ጭስ በቱቦ የሚሳበው የሞቀው ጋዝ ከውጭው አየር ስለሚቀል ነው፤ ከምድጃው እንደተነሣ በአግድም ሲሄድ ይቀዘቅዛል፣ ጥላሸቱን እዚያው ያራግፋል። ሐረር ወደ 1,885 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ነው፤ የመሳቡ ኃይልም በዚያው መጠን ስለሚደክም ቱቦው ከመደበኛው ሰፋ ማለት አለበት። የቱቦው ጫፍ ደግሞ ከዋናው ቤት ጣሪያ በታች ስለቀረ ነፋስ ከጣሪያው ወርዶ ወደ ውስጥ ይገፋው ነበር።

የታዩት አማራጮች

የመጀመሪያው አማራጭ ምርጥ ምድጃን ገዝቶ መግጠም ነበር። ርካሽ ነው፣ በአንድ ቀን ይቆማል፣ ከክፍት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ በተደጋጋሚ ተፈትኗል። ትንሽ ለሚጋግር ቤት ከዚህ የተሻለ ምርጫ የለም ለማለት ይቻላል። እዚህ ግቢ የተተወበት ምክንያት የምጣዱ ስፋት፣ የኋላ ድስት ቀዳዳውም ቤተሰቡ ለሚያፈላው የኩቲ (የቡና ቅጠል ሻይ) ማንቆርቆሪያ አለመመቸቱና በተለይ የሰዓቱ ርዝመት ነው።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። አንድ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ማለት ነው። ለብቻው ከቆጣሪው የሚነሣ ቢያንስ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር መስመር ይፈልጋል፤ የማድ ቤቱ ሽቦ ግን የአምፖል ነበር። መብራት በተቋረጠ ቁጥር የተቦካ ሊጥ እንዳይበላሽ የእንጨት ምድጃ የግድ ስለሚያስፈልግ ቤተሰቡ ኤሌክትሪኩን ለሌላ ጊዜ አቆየው።

ሦስተኛው ሀሳብ ከባቢሌ በኩል የሚመጣ ግራናይት ነው። ጠንካራ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ኳርትዝ በ573 ዲግሪ ላይ ድንገት ቅርጹን ቀይሮ ስለሚያብጥ ነበልባል የሚነካው ግራናይት ይሰነጠቃል። ከወንዝ የተለቀመ ድንጋይም ውሃ አዝሎ ስለሚቆይ ሊፈነዳ ይችላል። ለፊት ለፊቱ መደርደሪያ ግራናይት ጥሩ ነው፤ እዚያም ጥቅም ላይ ውሏል።

የተመረጠው ሸክላ ጡብ ነው። አስቀድሞ በእሳት የተተኮሰ ስለሆነ እሳት ሲነካው የሚለቀው ውሃም የሚቀየር ነገርም አነስተኛ ነው። ከፈረሰ አሮጌ ግንብ የወጣ፣ መጠኑ 25 በ12 በ6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጡብ ተገዛ። ሲመረጥ በመዶሻ ይመታል፤ እንደ ብረት የሚጮኸው ይያዛል፣ የደፈነ ድምፅ ያለው ይጣላል። የተጣበቀበት የኖራ ልስን ሁሉ ተፍቆ መውጣት አለበት፤ ካልሆነ የመጀመሪያው ድንጋይ ችግር በትንሹ ይደገማል።

የሁለተኛው ምድጃ አሠራር

የንድፉ መነሻ አንድ ነው፦ ክብደት የሚሸከመውና እሳት የሚነካው ክፍል እንዲለያዩ፣ እሳት የሚነካውም ግድግዳ ሳይፈርስ እንዲቀየር።

መደቡ ከፈረሰው ምድጃ በወጣው ሐሺ ድንጋይ፣ በጭቃ ተያይዞ እንደገና ተገነባ። ከጋራው ግድግዳ 12 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተትቶለታል። ክፍተቱ ሙቀት ወደ ዋናው ቤት እንዳይተላለፍ ከመከልከሉም በላይ አሮጌው ግድግዳ ላይ አንድም ድንጋይ እንዳይነካ አድርጓል። ቁመቱ በጋጋሪዋ አካል ተለካ። ቀጥ ብለው ቆመው፣ ክርናቸውን አጥፈው፣ የእጃቸው መዳፍ ያለ ጭንቅ የሚዘረጋበት ልክ ተያዘ፤ የምጣዱ ፊት 75 ሴንቲ ሜትር ላይ እንዲያርፍ ሆነ።

በመደቡ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ፣ የተነፋ የእንጨት አመድ ተደለደለ። አመድ ቀላልና አየር ያዘለ ስለሆነ ሙቀቱ ወደ ታች እንዳይሰምጥ ይከላከላል፤ ከዚህም በላይ ገንዘብ አይጠይቅም። በላዩ አንድ ረድፍ ጡብ በጀርባው ተነጠፈ፤ ይህ የእሳቱ ወለል ነው።

የእሳቱ ክፍል ክብ ነው፤ የውስጡ ስፋት 52 ሴንቲ ሜትር። ምጣዱ 58 ስለሆነ ዙሪያውን በ3 ሴንቲ ሜትር ያርፋል። ጡቡ በግማሽ እየተሰበረ በአንድ ረድፍ 12 ግማሽ፣ በ4 ረድፍ ተደረደረ፤ ከወለሉ እስከ ምጣዱ ሥር 26 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆነ። ይህ ርቀት ወሳኝ ነው። ሲጠብ ነበልባሉ ሳይነድ ምጣዱን ስለሚነካ ይጠቁራል፣ ይጨሳል፤ ሲሰፋ ደግሞ ማገዶ ይበላል። ለወለል፣ ለክቡና ከኋላ ለማንቆርቆሪያው ክፍል ከ50 የማያንስ ጡብ ሄዷል፤ በስብርባሪ የሚባክነውን ጨምሮ 60 ተገዝቶ ነበር። በምድጃው አፍ ላይ ምንም ብረት አልገባም። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 14 ቁመት ላለው አፍ ጡቡ በቅስት ተጋጠመ። ቅስት ሲሞቅ ይበልጥ ይጨባበጣል እንጂ አይሰነጠቅም።

ማያያዣው ጭቃ ነው፤ ሲሚንቶ የለውም። አንድ እጅ ሸክላማ አፈር፣ አንድ እጅ የተነፋ አሸዋ፣ አንድ እጅ ደግሞ የተሰበረ አሮጌ ምጣድ ተወቅጦ በወንፊት የተነፋ። የተወቀጠው ምጣድ ከዚህ በፊት ስለተቃጠለ ዳግም አይሸበሸብም፤ ጭቃው እንዳይሰነጠቅ የሚያደርገው እሱ ነው። በየትኛውም የሐረር ግቢ ጓሮ የተሰበረ ምጣድ አይጠፋምና ይህን መጣል ያሳዝናል። ጭቃው ውሃ ጠጥቶ አንድ ሳምንት ተሸፍኖ ከተቀመጠ በኋላ ተፈተነ። 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 4 ስፋትና 4 ጥልቀት ባለው የእንጨት ሳጥን ተሞልቶ በጥላ ደረቀ። የመጀመሪያው ቅልቅል አሸዋና ስብርባሪ ስላነሰው በ2.4 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም በ4 በመቶ አጠረ። ሁለቱ ተጨምረው ሲደገም 1.2 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ ያ ተወሰደ። እያንዳንዱ ጡብ ከመጋጠሙ በፊት ባልዲ ውሃ ውስጥ ገባ፤ ደረቅ ጡብ የጭቃውን ውሃ መጥጦ ስለሚወስድ አይያያዝም። የማያያዣው ውፍረት ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ወፍራም ጭቃ ሁሉ ቀድሞ ይወድቃል።

ምጣዱ በሲሚንቶ አልታሰረም። ከአመድና ከጭቃ በተሠራ ለስላሳ መቀመጫ ላይ ተቀምጦ ዙሪያውን 5 ሚሊ ሜትር ተትቶለታል። ምጣድ ይሰበራል፤ ሲሰበር በግማሽ ሰዓት የሚነሣና የሚተካ መሆን አለበት።

ጭሱ ከእሳቱ ክፍል በኋላ በኩል ወጥቶ ማንቆርቆሪያው ሥር ያልፍና ቀጥታ ወደ ላይ ይወጣል። አግድም ቱቦና ጎሚቶ የለም። የቱቦው ስፋት 15 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ ክፍተቱ 177 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ከፊተኛው ከእጥፍ በላይ ነው። ላሜራው በጣሪያው በሚያልፍበት ቦታ ማገሩ ተቆርጦ ከቱቦው 45 ሴንቲ ሜትር ርቆ እንደገና ተቋጠረ፤ ምክንያቱም ነጠላ ላሜራ አጠገቡ ያለን እንጨት ሳይነካው ለዓመታት እያደረቀ ቆይቶ ሊያቀጣጥለው ይችላል። ከጣሪያው በላይ ያለው ጫፍ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለው ከየትኛውም ከፍ ያለ ነገር ቢያንስ በ60 ሴንቲ ሜትር እንዲበልጥ ስለሚገባ ከዋናው ቤት ጣሪያ በላይ ወጥቶ በሦስት ሽቦ ተወጥሯል። ከመንገድ የሚታይ ስለሆነ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከሚመለከተው የቅርስ ክፍል ጋር ቦታውና ቀለሙ ተስማምቷል። ጎረቤት በኩል መስኮት በሌለው አቅጣጫ እንዲሆንም ተነጋግረዋል።

ማሟሸት

ምድጃውም እንደ አዲስ ምጣድ ይሟሻል። ግንቡ ካለቀ በኋላ ሁለት ሳምንት በጥላ፣ በሩ ተከፍቶ ደረቀ። ከዚያ በየቀኑ ጥቂት ጭራሮ ብቻ ለግማሽ ሰዓት ይነድድ ጀመር። መለኪያው ቀላል ነው፤ ቀዝቃዛ መስታወት ወይም የብርጭቆ ክዳን በምድጃው አፍ ሲያዝ ላብ ካወጣ ግንቡ ገና ውሃ አለበት። ላቡ ሲቆም እሳቱ በየቀኑ ተጨመረ። በሐረር ከፍታ ውሃ ወደ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ብዙ እሳት ሳያስፈልግ እንፋሎቱ ይወጣል፤ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ስንጥቅ ከታየ በዚያው ቅልቅል፣ ስንጥቁ በውሃ ርሶ ይደፈናል። ጸጉር የሚያክሉ ጥቂት ስንጥቆች ወጡ፤ ተደፈኑ።

የሠራውና ያልሠራው

ጭሱ ከክፍሉ ወጣ። ይህ ከሁሉ በፊት የተሰማው ለውጥ ነው። ቅስቱ፣ ወለሉና ክቡ ከአንድ ሙሉ የክረምት ወራት በኋላም አልተነቃነቁም። የጋራው ግድግዳ በዋናው ቤት በኩል በእጅ ሲነካ አይሞቅም።

የመጀመሪያው ጋገራ ግን ጥሩ አልነበረም። ቱቦው በደንብ ስለሚስብ ነበልባሉ ሁሉ ወደ ኋላ ሮጦ የምጣዱን የኋላ ግማሽ አቃጠለ፤ የፊቱ ግማሽ ነጭ ሆኖ ዓይን ሳያወጣ ቀረ። ይህ በጭስ መውጫ ምድጃ ሁሉ የተለመደ ችግር ነው፤ ብዙ ሰው ግን ምጣዱን ይወቅሳል። መፍትሔው በእሳቱ ክፍል ውስጥ፣ ከኋላው መውጫ ፊት ለፊት ጡብ በጠርዙ ማቆም ነበር። ነበልባሉ ጡቡን ዘሎ ለመውጣት መጀመሪያ ምጣዱን መላስ ግድ ይሆንበታል። በጡቡ ራስና በምጣዱ መካከል 5 ሴንቲ ሜትር ተተወ። በ3 ሲሞከር ጭስ ተመለሰ፤ በ8 ደግሞ ልዩነቱ አልተስተካከለም። ከዚህ በኋላ እንጀራው ከዳር እስከ ዳር አንድ መልክ ያዘ።

በቱቦው ላይ የተገጠመው የላሜራ መዝጊያ እሳቱን ለማብረድ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ፍም እያለ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ጋዙ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ስለዚህ ሲዘጋም ሦስት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ እንዲቀር ተቆርጧል።

ማገዶን በተመለከተ እንጨቱ ከጋገራ በፊትና በኋላ በሚዛን ተመዝኖ፣ የሊጡ መጠን አንድ ሆኖ ከጉልቻው ጋር ተነጻጸረ። ቁጠባው በግምት ሲሶ ነው፤ ምርጥ ምድጃ ከሚያስገኘው ያነሰ። ምክንያቱ የጡቡ ክብደት ነው። ከ140 ኪሎ በላይ ጡብ መጀመሪያ ራሱ መሞቅ አለበት፤ ያንን ሙቀት የሚመልሰው ዘግይቶ ነው። ሦስትና አራት ሰዓት ለሚጋግር ቤት ያ ሙቀት ይመለሳል፤ የመጨረሻዎቹ እንጀራዎች በፍሙና በጡቡ ሙቀት ብቻ ይበስላሉ፣ ማንቆርቆሪያውም እዚያው ይፈላል። በሳምንት አንዴ 15 እንጀራ የሚጋግር ቤት ግን ይህን ምድጃ ቢሠራ ጡብ እያሞቀ እንጨት ይጨርሳል። ለእሱ ምርጥ ምድጃ ይሻለዋል።

ሳይፈታ የቀረው የጫት እንጨት ነው። እርጥብ ሲነድ ቱቦው ውስጥ እንደ ቅጥራን የሚጣበቅ ጥቁር ነገር ይተዋል፤ ወፍሮ ከቆየ በኋላ ሊቀጣጠል ይችላል። በቆርቆሮ ጥላ ሥር አንድ ወር ደርቆ እንዲነድ ተመክሯል፤ በክረምት ግን ማድረቂያ ቦታ የለም። ለጊዜው የክረምቱ ማገዶ ከበጋ ጀምሮ እየተከማቸ ነው።

ለሌላ ቤት የሚሆነው

ዕቃ ከመምረጥ በፊት በምድጃው ላይ ምን፣ ለስንት ሰዓት እንደሚሠራና ምን እንደሚነድበት መወሰን አለበት። በዚህ ጉዳይ ጡብን የመረጠው የጋገራው ሰዓት ነው። ድሬዳዋ ሙቀቱ ከሐረር በጣም ስለሚለይ ተመሳሳዩ ከባድ ምድጃ በጠባብ ክፍል ውስጥ ቢሠራ ክፍሉን ከጋገራው በኋላም ለሰዓታት ያግለዋል። እዚያ ያለ ቤት ቀላል ምድጃና በጥላ ሥር ያለ፣ ጎኑ ክፍት የሆነ ማድ ቤት ይሻለዋል።

ግንበኛ ሲጠራ ስለ ዋጋ ከመነጋገር በፊት ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ይበቃል። እሳቱ በቀጥታ የሚነካው ምንድን ነው? ብረት ያለበት ቦታ የት ነው፣ ሲረዝም የት ይሄዳል? ምጣዱ ሲሰበር ምን ይፈርሳል? ለሦስተኛው «ምንም» የሚል መልስ ካልተገኘ ንድፉ እንደገና ይታይ።

ውበትን መተው አያስፈልግም፤ ከእሳቱ ማራቅ ይበቃል። በዚህ ማድ ቤት ሴራሚኩ አሁን ከምጣዱ ጠርዝ 25 ሴንቲ ሜትር ርቆ ተመልሷል፤ ፊት ለፊቱ በግራናይት፣ ጎኑ በነደባው ቀይ አፈር ተለብዷል።

ጥገናው በዓመት አንዴ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት ነው። የቱቦው ኮፍያ ይነሣል፣ ጥላሸቱ በሽቦ ብሩሽና በገመድ ይወርዳል፤ በጣሪያው ቀዳዳ ዙሪያ ያለው የላሜራ አንገትጌ ውሃ አለማሳለፉ ይታያል፤ በውስጥ የሳሳ ማያያዣ ተፍቆ በአዲስ ጭቃ ይሞላል። ለዚህ ሲባል 10 ጡብና አንድ ከረጢት የተወቀጠ ምጣድ ከመደቡ ሥር ባለው ደረቅ ክፍት ቦታ ተቀምጧል።